ጥቁሩ መስኮት የማን ነው? የአጫጭር ትእዛዞች ረጅም ታሪክ

በዚህ ገጽ ስለ ሕግ፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ባለቤትነት ደጋግመን ተነጋግረናል። ዛሬም የማነሣው ያንኑ ጉዳይ ነው፤ የምገባበት በር ግን ያልተለመደ ስለሆነ ጥቂት ትዕግሥት እለምናለሁ። በሩ በኮምፒውተር ላይ ተርሚናል ሲባል የሚከፈተው፣ ሥዕል የሌለበት፣ ፊደል ብቻ የሚቀበለው ጥቁር መስኮት ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአባቴ ማስታወሻ ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሕይወት ታሪካቸውን በኮምፒውተር ጽፈው ነበር። የጻፉበት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ዛሬ በእጃችን የለም። ፋይሉ ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ በሰላም እዚህ ደርሷል፤ ሲከፈት ግን የሚታየው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ነው። አባት መጽሐፉን ትተውልን ሄዱ፤ ቁልፉ ግን ከፕሮግራሙ ጋር ጠፋ።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ጉዳዩን አጫወትኳት። ሊኑክስ የተጫነበትን ላፕቶፗን አውጥታ ጥቁሩን መስኮት ከፈተችና ጥቂት ፊደላት መታች። «ጋሼ፣ የአያቴ ፋይል እኮ አልተበላሸም፤ የጠፋው የሚያነበው ነው» አለችኝ። እኔም በዚህ በሥዕልና በጣት ንክኪ ዘመን እንደ ቴሌግራም ሠራተኛ ቃል እየመቱ ማዘዝ ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት። «ትእዛዞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ታሪካቸውን ግን አላውቅም» አለች። መልሱን ፍለጋ ያነበብኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ንባቤ አንድ ነገር አስገንዝቦኛል። እነዚህ ትእዛዞች ከ50 ዓመት በላይ የኖሩት ፈጣሪዎቻቸው ብልህ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ማንም ብቻውን እንዳይቆልፋቸው በመጀመሪያ የመንግሥት ሕግ፣ ቀጥሎም ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው የጻፉት ውል ስለጠበቃቸው ነው። ትእዛዞቹን በግእዝ ፊደል እያነበብኳቸው ስለምጽፍ፣ ሊሞክራቸው የሚፈልግ አንባቢ ወደ ላቲን ፊደል መልሶ በትንንሹ ፊደል ይምታቸው።

በሴኮንድ 10 ፊደል

በ1960ዎቹ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቤል ላብስ ተባብረው መልቲክስ የሚባል ታላቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በመሥራት ላይ ነበሩ። ቤል ላብስ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ተቋም ነበር። ሥራው እየከበደና ወጪው እየናረ ሲሄድ ቤል ላብስ በ1969 ከሽርክናው ወጣ። ኬን ቶምሰን፣ ዴኒስ ሪቺና ባልደረቦቻቸው የለመዱትን መሣሪያ በአንድ ጊዜ አጡ።

ቶምሰን ግን በኒው ጀርሲ ግዛት መሪ ሂል በተባለው ስፍራ በሚገኘው ሕንጻቸው ውስጥ ሰው እምብዛም የማይጠቀምበትን ፒዲፒ-7 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር አገኘ። በዚያው ዓመት በጋ ባለቤቱ ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደች። ቶምሰን ያንን ጊዜ ለእያንዳንዱ ዋና ክፍል አንድ አንድ ሳምንት እየመደበ አዲስ ሥርዓት አቆመበት። ኋላ ዩኒክስ የተባለው፣ በመልቲክስ ስም ላይ በቀልድ የወጣለት ሥርዓት የተጸነሰው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ትእዛዞቹ ማጠር እንምጣ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ፊት ለፊታቸው መስኮት አልነበረም። የነበራቸው ቴሌታይፕ ነው፤ ይኸውም ቁልፉ ለጣት የሚከብድ፣ መልሱን በጥቅል ወረቀት ላይ የሚያትም፣ በሴኮንድ ከ10 ፊደል በላይ የማይጽፍ የጽሕፈት መኪና ነው። አንድ ፊደል በተጨመረ ቁጥር ጣትም ጊዜም ይከፈልበታል። ስለዚህ ዘርዝር ለማለት «ኤልኤስ»፣ ገልብጥ ለማለት «ሲፒ»፣ አዛውር ለማለት «ኤምቪ»፣ አጥፋ ለማለት «አርኤም» በቃ። እያንዳንዳቸው ሁለት ፊደል ናቸው። ቁጠባው አንዳንዴ ከልክ ያልፍ ነበር፤ ቶምሰን ዩኒክስን እንደገና ቢሠራ ምን እንደሚለውጥ ተጠይቆ፣ ፍጠር የሚለውን የሥርዓቱን ጥሪ ሲሰይም የዘለላትን የመጨረሻ «ኢ» እንደሚመልሳት በቀልድ ተናግሯል።

ዝምታውም ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የተመቸ ነበር። ፋይል ስትገለብጡ ሥርዓቱ «ተሳክቷል» አይላችሁም፤ ዝም ብሎ ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቃል። የሚናገረው ስህተት ሲኖር ነው። ለምስጋናና ለማስታወቂያ የሚባክን ወረቀት አልነበረምና።

ጉድለቱን የሚዘረዝር መዝገብ

የዩኒክስ የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፍ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን ይዞ ወጣ። ያንን መዝገብ የተመለከተ ሰው ይደነቃል፤ የእኅቴ ልጅ የምትመታቸው «ኤልኤስ»፣ «ሲፒ»፣ «ኤምቪ»፣ «አርኤም»፣ አዲስ ማኅደር የሚከፍተው «ኤምኬዲር»፣ ቃላትን የሚቆጥረው «ደብልዩሲ»፣ ማን ማን ገብቶ እየሠራ እንደሆነ የሚናገረው «ሁ» ሁሉ እዚያ አሉ። ወደ ሌላ ማኅደር መግቢያው ያን ጊዜ «ሲኤችዲር» ነበር፤ ኋላ እሱም አጥሮ «ሲዲ» ሆነ። «ካት» የሚለውም አለ። ድመት ማለት አይደለም፤ ማያያዝ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መሐል የተቆረጠ ነው። ፋይሎችን ቀጣጥሎ ያሳያል።

ከትእዛዞቹ ይልቅ የሳበኝ ግን የመጽሐፉ አሠራር ነው። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙ፣ አጠቃቀሙ፣ ማብራሪያው ይቀርብና ወደ ታች ሲወርዱ «ጉድለቶች» የሚል ርእስ ይገኛል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህ ትእዛዝ እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ ይህን አይችልም ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። መጽሐፉ ዛሬም በብዙዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ አለ። «ማን» ብላችሁ የትእዛዙን ስም ስትጨምሩ ይከፈታል። በእኛ ቋንቋ «ማን» ጥያቄ ነው፤ እዚያ ግን መመሪያ የሚለው ቃል ምሕጻር ነው። መቼም ጉድለቱን በይፋ መዝግቦ ለሕዝብ የሚያድል መሥሪያ ቤት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ድር ቢያብር

የክፍሉ ኃላፊ የነበረው ዳግ ማክልሮይ ገና በ1964 በጻፈው ማስታወሻ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እርስ በርስ ሊቀጣጠሉ ይገባል ብሎ ነበር። ሐሳቡን ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ ቶምሰን በ1973 በአንድ ሌሊት ሠራው። በትእዛዞች መካከል አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ትሰመራለች፤ የአንዱ ውጤት ለሚቀጥለው ግብአት ይሆናል። ቧንቧ ትባላለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ፕሮግራም ሁሉን መቻል አላስፈለገውም። አንዱ ይዘረዝራል፣ አንዱ ይመርጣል፣ አንዱ ይደረድራል፣ አንዱ ይቆጥራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ የምሕንድስና መርሕ ሆኖ ይገኛል።

«ግሬፕ» የሚባለው ፈላጊ ትእዛዝም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ብራያን ከርኒሃን እንደሚተርከው፣ ሊ ማክማሃን የተባለው ባልደረባቸው የፌዴራሊስት ጽሑፎችን ይመረምር ነበር። እነዚህ 85 መጣጥፎች በ1787 እና በ1788 አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማስጸደቅ በብዕር ስም የጻፏቸው ናቸው። የትኛውን ማን ጻፈው የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። ማክማሃን ጽሑፎቹን በቃላት አጠቃቀም ሊለያቸው ፈለገ፤ ነገር ግን ፋይሉ በዚያን ጊዜው ጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸገረ። ቶምሰን ከማረሚያው ውስጥ የመፈለጊያውን ክፍል ነቅሎ ራሱን የቻለ ትእዛዝ አደረገው። ይኸው ማክማሃን ኋላ «ሴድ» የተባለውን ጻፈ፤ ይህ ትእዛዝ በጽሑፍ ውስጥ አንዱን በሌላ እየተካ የሚሄድ ነው። ስሙን ያዙልኝ፤ ወደ አባቴ ማስታወሻ ስመለስ እፈልገዋለሁ።

የሥልጣን ሰንጠረዥ

አሁን ለዚህ ገጽ አንባብያን ይበልጥ ወደሚቀርበው ጉዳይ እንለፍ። ዩኒክስ ገና ከጅምሩ ብዙ ሰው በአንድ መኪና የሚሠራበት ቤት ስለነበር፣ የማን ምን እንደሆነ መለየት ነበረበት። በ1971ዱ መዝገብ ሰው ሁለት ብቻ ነበር፤ ባለቤትና ሌላ ሰው። ዘግይቶ በመካከላቸው ቡድን ተጨመረ። ዛሬ «ኤልኤስ» ብላችሁ ሰረዝና «ኤል» ብትጨምሩ ከእያንዳንዱ ፋይል ፊት ይህ ሰንጠረዥ ይታያል፤ ባለቤቱ፣ ቡድኑና የቀረው ሕዝብ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ ይችል እንደሆነ።

ፈቃዱን የሚለውጠው «ሲኤችሞድ» ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይደመራል። 640 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ቡድኑ ያነባል፣ ሌላው ምንም አይነካም ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ናት፤ ነገር ግን ማን ያያል፣ ማን ይለውጣል የሚለውን ጥያቄ ያለ አሻሚ ቃል ትመልሳለች።

ከሰንጠረዡ በላይ የቆመ አንድ አለ። ስሙ «ሩት» ነው፣ ሥር ማለት ነው፤ መለያ ቁጥሩም 0 ነው። እነዚህ ፈቃዶች እሱን አይመለከቱትም፤ የማንንም ያነባል፣ የማንንም ይሰርዛል። ይህ ሥልጣን በእጃቸው የገባ ሰዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ለማወቅ ኮምፒውተር ማጥናት አያሻም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን።

በ1980 አካባቢ በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር ለዚህ መላ ፈጠሩ። «ሱዱ» ይባላል። ለሥራ የሚያስፈልገው ሰው የሩትን የይለፍ ቃል አይሰጠውም፤ በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል፣ ስሙ በተመዘገበበት ልክ፣ ለተወሰነ ትእዛዝ ብቻ ሥልጣን ይበደራል። ያዘዘው ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል። በብዙዎቹ ሥርዓቶች ላይ መጀመሪያ ሲጠቀም የሌላውን ምሥጢር እንዲያከብር፣ ከመምታቱ በፊት እንዲያስብ፣ ሥልጣን ኃላፊነት እንዳለበት የሚያሳስብ አጭር ምክር ይነበብለታል። ሥልጣን የተቆጠረ፣ የተመዘገበና ተመላሽ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ይህችን ትእዛዝ ያጥና።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። «አርኤም» ቆሻሻ መጣያ ቅርጫት የለውም፤ በእሱ የጠፋ ፋይል የሚመለስበት ቁልፍ የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ። በ1998 በፒክሳር ስቱዲዮ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም በመሠራት ላይ ሳለ አንድ ሰው ይህንኑ የማጥፊያ ትእዛዝ ከላይኛው ማኅደር ላይ ሰደደውና አብዛኛው ሥራ ጠፋ። መጠባበቂያ ተብሎ የተያዘውም በአግባቡ ሳይሠራ ቀርቶ ተገኘ። ፊልሙን ያተረፈው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጋሊን ሱስማን ልጅ ወልዳ ከቤቷ ስለምትሠራ በቤቷ ኮምፒውተር የነበረው ቅጂ ነው። አንድ ቦታ የተቆለፈው ጠፋ፤ የተቀዳው ተረፈ።

ሕግ የከፈተው በር

እስካሁን ያልመለስነው ጥያቄ አለ። የአንድ የግል ኩባንያ ንብረት የነበረው ሥርዓት እንዴት የሁሉ ሆነ?

የአሜሪካ መንግሥት ኤቲ ኤንድ ቲን የስልክ ሥራውን በብቸኝነት ይዟል በሚል ከሶት ነበር። ክሱ በ1956 በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው ከስልክ አገልግሎት ውጭ ወደ ሌላ ንግድ እንዳይገባ፣ የፈጠራ መብቶቹንም ለሌሎች እንዲፈቅድ ታዘዘ። ያን ጊዜ ስለ ዩኒክስ ያሰበ ማንም አልነበረም። ይሁን እንጂ ቶምሰንና ሪቺ በ1974 ስለ ሥራቸው በታተመ መጽሔት ላይ ሲጽፉና ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠይቁ፣ ኩባንያው እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው አልቻለም። በጥቂት ክፍያ ከነምንጭ ኮዱ ይሰጥ ጀመር። ጥገናም ድጋፍም አልነበረውም። ተጠቃሚዎቹ የሚረዳቸው ሲያጡ እርስ በርስ መረዳዳት ያዙ፤ አንዱ ያረመውን ለሌላው ይልካል። ማኅበረሰቡን የወለደው ያ እጦት ነው።

ቶምሰን በ1975 እና በ1976 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አስተማረ። በዚያ ቢል ጆይ የተባለው ተማሪ ሥርዓቱን እያሻሻለ ማከፋፈል ጀመረ። ጆይ ይሠራበት በነበረው ተርሚናል ላይ ወደ መነሻ የሚመልሰው ቁልፍና ሞገድ የምትመስለዋ ምልክት በአንድ ቁልፍ ላይ ታትመው ነበር፤ ዛሬ «ሲዲ» ብለን ያችን ምልክት ስንጨምር ወደ ቤታችን ማኅደር የሚወስደን ከዚያ የመጣ ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላይንስ የተባሉ መምህር የዩኒክስን ምንጭ ኮድ መስመር በመስመር የሚያብራራ መጽሐፍ በ1977 ለተማሪዎቻቸው አዘጋጁ።

ከዚያ በሩ መዘጋት ጀመረ። በ1979 የወጣው ሰባተኛው እትም ፈቃድ ምንጭ ኮዱ በክፍል ውስጥ እንዳይማሩበት ከለከለ። የላይንስ መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ያዘ፤ በይፋ የታተመው በ1996 ነው። በ1984 ኤቲ ኤንድ ቲ ተከፋፍሎ ከ1956ቱ ገደብ ሲፈታ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ መሸጥ ቻለ። በ1992 የኩባንያው ቅርንጫፍ የበርክሌይን ሥራ የሚሸጠውን ድርጅት፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1994 መጀመሪያ በስምምነት ሲያልቅ ከ18 ሺህ ያህል ፋይሎች እንዲወጡ የተወሰነው ሦስት ብቻ ነበሩ። ክሱ ግን ባለጉዳዮቹን ሁለት ዓመት አስሯቸው ኖሯል።

በዚህ መካከል ሪቻርድ ስቶልማን ተነሣ። በኤምአይቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው በሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 እንደ ዩኒክስ የሚሠራ፣ ነገር ግን ማንም ሊቆልፈው የማይችል ሥርዓት እንደሚጽፍ አስታወቀ፤ ግኑ ብሎ ሰየመው። ከሥራው ለቆ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ከነባልደረቦቹ እንደገና ጻፏቸው። ስማቸው ያው ነው፤ «ኤልኤስ»ም «ሲፒ»ም አልተለወጡም። የተለወጠው ውሉ ነው። በ1989 የወጣው ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ፣ ፕሮግራሙን ተጠቀም፣ መርምር፣ ለውጥ፣ አከፋፍል ይላል፤ ስታከፋፍል ግን የተሰጠህን መብት ለሚቀጥለው ሰው አትንፈገው። ስቶልማን የቅጂ መብት ሕግን አልሻረም። መቆለፊያ የነበረውን ሕግ በር እንዳይዘጋ መወጠሪያ አደረገው። በዚያው ዓመት ብራያን ፎክስ የጻፈው «ባሽ» ወጣ፤ ትእዛዛችንን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ነው።

በኦገስት 25 ቀን 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ በላዩ ማስኬድ የቻላቸው ብሎ ከጠቀሳቸው ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ ያ «ባሽ» ነበር። በ1992 ሊኑክስን በጂፒኤል ሥር አደረገው። በ2001 የማይክሮሶፍት ኃላፊ ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን በፈቃዱ ምክንያት ከካንሰር ጋር አመሳሰሉት። በ2016 ያው ኩባንያ «ባሽ»ን ከነትእዛዞቹ በራሱ ዊንዶውስ ውስጥ አስገባ። በኖቬምበር 2017 በወጣው የዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች መዝገብ 500ውም በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ።

ግእዝ በጥቁሩ መስኮት

ታሪኩ ወደ እኛ ቤት የሚገባውም በዚያው በቶምሰን እጅ ነው። በሴፕቴምበር 1992 ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ራት ላይ ተቀምጠው፣ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደል አመዘጋገብ በጠረጴዛ ወረቀት ላይ ነደፉት። ብልሃቱ የቆዩትን ትእዛዞች ሳያፈርስ የዓለምን ፊደል ሁሉ በእነሱ ውስጥ ማሳለፉ ነው። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምሥጢራዊ ሰንጠረዥ ይጽፉ ስለነበር የአንዱን ሌላው አያነብም። የአባቴ ማስታወሻ የተሰቃየው በዚህ ነው።

የእኅቴ ልጅ ያደረገችው ቀላል ነበር። እናቴ ከማስታወሻው ጥቂት ገጾች በጊዜው ታትመው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። ያንን ወረቀትና በስክሪኑ ላይ ያለውን ትርምስ ጎን ለጎን አድርገን፣ ይህ ምልክት ለ«መ» ነው፣ ይህ ለ«ሚ» ነው እያልን ሰንጠረዥ ሠራን። ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚያ ሰንጠረዡን ለ«ሴድ» ሰጠችው። ለፌዴራሊስት ጽሑፎች ጸሐፊ ሲፈልግ የነበረው የማክማሃን ትእዛዝ የአባቴን ፊደላት አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሳቸው።

ቀጥላ በ«ደብልዩሲ» ቃላቱን ብትቆጥር ቁጥሩ እጅግ አነሰ። አባቴ የድሮ ሰው ስለነበሩ ቃልን ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ የሚያውቀው ባዶ ቦታን ነው። ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ በተካ ቅጂ ላይ ቆጠረች። «ሐረር» የሚለውን በ«ግሬፕ» ስትፈልግ ገሚሱ ብቻ መጣ፤ አባቴ አንዳንዴ በ«ሐ»፣ አንዳንዴ በ«ሀ» ጽፈውታል። ሦስቱንም ሀ፣ ሐ፣ ኀ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ብታስገባቸው ሁሉም ተገኙ። የሞክሼ ፊደላትን ክርክር ሊቃውንቱ ይጨርሱት፤ ትእዛዙ ግን ማንንም ሳያርም ሁሉንም አግኝቷል።

ከዚህ በመነሣት አንድ ነገር ልጠይቅ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፍርድ ቤቱ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚከማቸው የአገር መዝገብ ከ30 ዓመት በኋላ በምን ይነበባል? ፕሮግራሙን የሸጠው ድርጅት ቢዘጋ፣ ዋጋ ቢጨምር ወይም ቢያኮርፍ ቁልፉ ማን ጋ ይቀራል? የእኛ ቤተሰብ ፋይል የዳነው ሣጥን ውስጥ ጥቂት ወረቀት ስለተገኘ ነው። የአንድ አገር መዝገብ በእንዲህ ያለ ዕድል ሊተው አይገባውም። ሁሉም ሰው ትእዛዝ እየመታ ይዋል አልልም፤ ግን ውሉን የማያነብ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ፈቃዱን ስንት ላድርገው?» አለችኝ። ጥቂት አሰብኩና 444 አልኳት፤ ሁሉም ያንብበው፣ ማንም አይለውጠው። ሩት ከፈለገ እንደሚለውጠው አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ «ሲፒ» ብላ ለእኅት ወንድሞቼ ሁሉ የሚደርስ ቅጂ በየፍላሹ አደረገች። መስኮቱ ምንም አልመለሰም፤ ዝም ብሎ ቀጣዩን ትእዛዝ ጠበቀ።